ቅዳሜ ጠዋት የመጣ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሀያት ከትምህርት ቤት አምሽታ ስትመለስ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችና አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ሽፋኑ አዲስ ነው። ርዕሱን ግን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት።

«ባባ፣ ይሄን ቡክ ታውቀዋለህ እንዴ?» አለችኝ ፊቴን አይታ።

አስራ አንደኛ ክፍል ናት። ይህ የቆየ የአሜሪካ ልቦለድ ስለ ቤት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ሞት ምን አመለካከት እንዳለው ጻፉ ብሎ አስተማሪዋ አዟቸዋል። እሷ ደግሞ መጽሐፉ አሰልቺ ነው፣ ሰዎቹም ስሜት የላቸውም እያለች ትነጫነጫለች። እኔ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለችውን ሱቄን ዘግቼ ገና መግባቴ ነበር፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። «ቁጭ በይ» አልኳት። እራታችን እስኪበርድ ድረስ ያወራሁላት ታሪክ ይኸው ነው።

በዲቪ ወደዚህ አገር ስመጣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሆሊውድ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዶችን መኪና እየተቀበልኩ ፓርክ አደርግ ነበር። አባቴ በአሰብ መንገድ ለብዙ ዓመታት ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ኮምቦልቻ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሲሸኙኝ የሰጡኝ ምክር አጭር ነበረች። «መኪናውን እኔ ነድቼዋለሁ፤ አንተ ተማር» አሉኝ። እኔም አሜሪካ ድረስ መጥቼ የሰው መኪና ማቆም ጀመርኩ።

እዚያው ሥራ ቦታ ሌላ ሰይድ ነበር። እሱም የወሎ ልጅ ነው፤ የሐይቅ። ሱፐርቫይዘራችን ሁለታችንን መለየት ሲያቅተው፣ የሥራ ባልደረቦቻችን እሱን «ረጅሙ ሰይድ» እኔን «አጭሩ ሰይድ» ብለው ገላገሉት። ረጅሙ ሰይድ ከቁመቱ ሌላ በዝምታው ይታወቃል። የሚኖረው ኢንግልዉድ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ጣራ ሊነኩ በሚደርሱበት ሰፈር፣ ከአክስቱ ልጅ ጋር። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ያስተማሩ መምህር ናቸው። ስልክ ሲደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብለው ነው ይለኝ ነበር። እሱ ነው ጎትቶ ኮሌጅ ያስገባኝ። ከሥራ ስንወጣ ዩኒፎርማችንን ቀይረን፣ በአውቶቡስ ሄደን የማታውን የእንግሊዝኛ ክፍል አብረን እንማራለን።

ያንን መጽሐፍ ያነበብነው እዚያ ነው። የአንድ ደሃ ገበሬ ልጅ ለትምህርት ከተማ ይገባል። አባቱ ሲሞት ከቤት አጭር ቴሌግራም ይደርሰዋል። ልጁ የመኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ ብቻውን ያነበዋል። በነጋታው ፈተና ነበረበትና ይፈተናል። አገሩ ሲደርስ ቀብሩ አልቋል፤ ያደገበት ቤትም ጠቦ ይጠብቀዋል። አስተማሪያችን ሚስ ካሮል፣ ሸበቶ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምታስር ደግ ሴት፣ ሰሌዳው ላይ «ቤት፣ ትምህርት፣ ሞት» ብላ ጻፈችና ምን ታያላችሁ አለችን።

ተማሪው ሁሉ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ ነው። አንዷ ቤት ማለት እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ትተውት የሚሄዱት ነገር ነው አለች። ሌላው ትምህርት መውጫው መንገድ ነው፣ ግን አንዴ ከወጡ መመለሻ የለውም አለ። እኔ ግን ያ ቴሌግራም አንገብግቦኝ ነበርና እንግሊዝኛዬ እየተደነቃቀፈ ተነሳሁ። እኛ አገር ሰው መርዶውን ብቻውን አይረዳም አልኩ። የሞት ወሬ ሲመጣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣል፣ ሽማግሌው ቀስ አድርጎ ይነግረዋል፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አጠገቡ አለ። ይህን ልጅ ግን ማን ያዘው? አልኩ።

ሚስ ካሮል በጥሞና ሰማችኝ። «ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ድረስ ግን ልጁ ምን ሲያደርግ ይቆያል?» አለችኝ።

«ሥራውን ይሠራል። ይበላል። ይጫወታል።»

«ሌላው ሰው ሁሉ እያወቀ?»

ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ረጅሙ ሰይድ፣ ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የማያውቀው ሰው፣ እጁን አወጣ። «እኔ በሰዓቱ ነው ማወቅ የምፈልገው» አለ። «በቴሌግራምም ቢሆን።»

የቤታችንን ገመና አደባባይ ያወጣብኝ መሰለኝና ተናደድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ያዝኩት። «አንተ እንዴት እንደዚያ ትላለህ? አንተ ወግ አታውቅም?» አልኩት። እሱ መስኮቱን እያየ ቆየና፣ «አባቴ ሞተው እኔ ስስቅ ብውል፣ ያንን ሳቅ በኋላ ምን አደርገዋለሁ?» አለኝ።

ጽሑፉን የምናስረክበው ሰኞ ነበር። ወሩ ሰኔ ነው። ሎስ አንጀለስ በሰኔ ጠዋት ከባሕሩ በሚመጣ ደመና ትሸፈናለች፤ ፀሐይ የምትወጣው ከረፋድ በኋላ ነው። መንገዱ ዳር የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ ረግፎ የቆሙ መኪኖች ላይ ይለጠፋል፤ እኛ የፓርኪንግ ሰዎች ያንን አበባ እንጠላው ነበር፣ ሙጫው አይለቅም። ቅዳሜ ሱብሂ ሰግጄ፣ ሻይ አፍልቼ፣ ለጽሑፌ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ስፈልግ በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ጋሼ ይማም ቆመዋል። የኢንግልዉድ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ለወሎ ልጆች ሁሉ አባት ማለት ናቸው፤ ሥራውን ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው እትዬ ዘሀራ አሉ፤ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው። ሻርፓቸውን እስከ ግንባራቸው ዝቅ አድርገው ትልቅ ድስት በጨርቅ ይዘዋል። ከእሳቸው ኋላ ደረጃው ላይ ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች፣ ሁሉም አቀርቅረው።

ከእኛ አገር ሰው መካከል ይህንን አይቶ የማይገባው የለም። እጄ በሩን ሊዘጋው ፈለገ። ብዘጋው የማይሆን ይመስል።

«ደህና አደርክ ልጄ። እንግባ» አሉ ጋሼ ይማም።

ገቡ። ወንበር የለኝምና ፍራሹ ላይም ወለሉ ላይም ተቀመጡ። ማንም አላየኝም። ጋሼ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰይድ ልጄ፣ ሁላችንም የአላህ ነን። እሱ የሰጠውን እሱ ይወስዳል። አንተ ደግሞ ወንድ ልጅ ነህ…»

«አባቴ ናቸው?» አልኳቸው።

እትዬ ዘሀራ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። «አላህ ይርሐማቸው» አለ አንዱ።

የሆንኩትን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ወለሉ ጉንጬን ሲነካኝ ትዝ ይለኛል። ጀርባዬን የሚያሹ ብዙ እጆች ነበሩ። የአባቴ እጅ ሽታ፣ ያ በሳሙና የማይለቅ የግራሶ ሽታ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። «ተማር» ብለውኝ አሁን ማን ያየኛል ብዬ እንዳለቀስኩ ኋላ ነገሩኝ። አንዱ ሊያጽናናኝ ብሎ ጆሮዬ አጠገብ ያወራል፤ «በወጉ ነው የተቀበሩት። ረቡዕ ዕለት አገር ምድሩ ነው ጀናዛቸውን የሸኘው…»

ረቡዕ የምትለዋ ቃል ለቅሶዬ ውስጥ ቆማ ቀረች። ቀና አልኩ።

«መቼ?»

«ረቡዕ ልጄ። አንተ ሥራ ላይ ስለሆንክ ዛሬን ጠብቀን ነው።»

«ትናንት አናግሬያቸዋለሁ።»

እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ዘሀራ ራሴን እቅፋቸው ውስጥ አስገቡና፣ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ድንጋጤ ነው። ውሃ ስጡት!» አሉ።

«ትናንት አናግሬያቸዋለሁ! ጁምዓ ነበር! አንድ ደንበኛ የፍሬን ሸራ ወስዶ መለሰብኝ ብለው ሲያማርሩ ነበር!»

ሰው ሁሉ በሐዘኔታ አየኝ። ያ ዓይናቸው እኔን ራሴን አጠራጠረኝ። ትናንት ጁምዓ አልነበረም እንዴ? የደወልኩት ባለፈው ሳምንት ይሆን? ተነስቼ ስልኩን ያዝኩ። ጋሼ ይማም ክንዴን ያዙኝ። «ተው ልጄ፣ የሐዘን ቤት ነው፤ እናትህን አታስጨንቅ» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ያን ጊዜ የምንደውለው በካርድ ነው፤ ያ ሁሉ ቁጥር ተጭኖ አያልቅም። ሁለቴ ተሳሳትኩ። ኮምቦልቻ ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በሰላም ከሆነ ሱቅ ውስጥ ናቸው። ጠራ። ጠራ። ጠራ።

«ሄሎ!»

አባቴ ስልክ ሲያነሱ ከከባድ መኪና ሞተር የበለጠ ድምፅ አውጥተው ነው የሚናገሩት። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማቸው።

«አባባ?»

«ሰይድ? ትናንት ደውለህ አልነበር? ምን ሆንክ?»

ስልኩን ለጋሼ ይማም አቀበልኳቸው። እሳቸውም እንደ ትኩስ ነገር ያዙት።

«ሄሎ… ይቅርታ፣ አንቱ ማን ኖት?»

«አንተስ ማነህ? ልጄ የት ሄደ?»

«እኔ ይማም እባላለሁ፤ የልጅዎ… ማለቴ ከልጅዎ ጋር…»

«ልጄን ምን አገኘብኝ?» የአባቴ ድምፅ ተለወጠ። ከኋላ የሚያለቅሱትን ሴቶች ሰምተዋል። «ያ ለቅሶ የማን ነው? ልጄን ስጠኝ! አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ስጠኝ!»

ጋሼ ይማምን ላብ አጠመቃቸው። ለልጅ የአባቱን መርዶ ሊያረዱ መጥተው፣ ለአባት የልጁን ሊያረዱ ነው። ስልኩን ነጠቅኳቸው።

«አለሁ አባባ! አለሁ! ምንም አልሆንኩም። እርስዎስ ደህና ኖት?»

«እኔ ምን እሆናለሁ! ሻይ እየጠጣሁ ነው!»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እንባው ሳይደርቅ። እትዬ ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ እልልታቸውን ለቀቁት፤ የታችኛው ቤት ተከራይ ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። እኔ ግን ስልኩን ይዤ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። የሆነውን ነገርኳቸው። ከዚያ ቤታችን ውስጥ ተብሎ የማያውቅ ነገር አልኩ። «አባባ፣ በጣም ነው የምወድዎት።»

የሱቁ በር ላይ የሚያልፍ ጋሪ ይሰማኛል።

«ካርድህ እንዳያልቅ» አሉ አባቴ። ከዚያ ደግሞ ዝግ ብለው፣ «እኔም እንደዚያው ነኝ ልጄ።»

ስመለስ ሳቁ አልቆ ነበር። ጋሼ ይማም ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ። «ታዲያ» አሉ፣ «የሞቱት የማን አባት ናቸው?»

«ምን ብለው ነው የነገሩዎት?»

«ሆሊውድ ፓርኪንግ የሚሠራው የወሎ ልጅ ሰይድ፣ አባቱ አረፉ አሉኝ። መምህሩ አሉኝ። ሥራውን ያስገባሁት ሰይድ አንተ ነህ፤ አባትህ ምን እንደሚሠሩ እኔ መች አውቃለሁ?»

የአባቴ መኖር ደስታ ሳይወጣልኝ ሌላው ነገር ገባኝ፤ መምህሩ የረጅሙ ሰይድ አባት ናቸው። ሁለቱም አብረው ውስጤ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ስሜት ስም እንዳለው እስካሁን አላውቅም።

እትዬ ዘሀራ ድስታቸውን መልሰው በጨርቁ አሰሩት። በጋሼ ይማም ታክሲና በሌላ መኪና ተጭነን ላ ብሪያ በሚባለው ጎዳና ወደ ኢንግልዉድ ወረድን። ሰማዩ እንደ አመድ ነው። መንገድ ላይ ርሃብ ያዘኝ፤ የሚያሳፍር ርሃብ። ጋሼ ይማም ሳልነግራቸው አውቀውት መሰለኝ፣ አንድ ዶናት ቤት አጠገብ ቆሙና ገዝተው አመጡልኝ። «ብላ» አሉኝ። «አንተ ዛሬ ተወልደሃል።» እንደዚያ ጣፋጭ ነገር በልቼ አላውቅም፤ እየበላሁም አለቀስኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ልንገረው» አልኳቸው። «እሱ ዙሪያ ጥምጥም አይወድም። ወዲያው ማወቅ ነው የምፈልገው ብሎኛል።»

«አንተ ልጅ ነህ፤ መርዶ በልጅ አይነገርም።»

«እርስዎ አጠገቤ ይሁኑ። ሰው ሁሉ አጠገቡ ይሁን። ግን ልንገረው።»

ሞተሩን አስነስተው ነዱ። እንደ ደረስን ግን፣ ታክሲውን ፓርክ አድርገው ሲወርዱ፣ በእጃቸው ቅደም አሉኝ።

ረጅሙ ሰይድ በሩን የከፈተው የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ እንዳለ ነው። እኔን አየኝ፤ ዓይኔ አብጦ፣ ፊቴ ቀልቶ። ከኋላዬ ጋሼ ይማምን፣ እትዬ ዘሀራን፣ ድስቱን አየ። ብሩሹን ጣለና በሁለት ረጃጅም እጆቹ አቀፈኝ።

«ወይኔ ሰይድ! አባትህ ናቸው? አይዞህ ወንድሜ… አይዞህ…»

ጀርባዬን ይደባብሳል። ራሴ ደረቱ ላይ ነው፤ የጥርስ ሳሙናው ይሸተኛል። ያንን እቅፍ ለቅቄ መናገር በሕይወቴ ካደረግኩት ሁሉ የከበደኝ ነገር ነው።

«የኔ አይደሉም ሰይድ» አልኩት። «ያንተ ናቸው።»

እጆቹ ጀርባዬ ላይ ቆሙ። አልለቀቀኝም። ክብደቱ ቀስ እያለ እኔ ላይ መጣ፤ ጋሼ ይማም በአንድ በኩል፣ ሌሎቹ በሌላ በኩል ደርሰው ያዙት። ጮኾ አላለቀሰም። መሬት ላይ ከተቀመጠ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ?» የሚል ነበር። ረቡዕ ስንለው ቀና ብሎ ሁላችንንም በየተራ አየን። «ሐሙስ ልደት ነበረን፤ ስጨፍር ነው ያመሸሁት» አለ። ጋሼ ይማም አጠገቡ ተንበረከኩ። ሽማግሌው ሰውዬ ከዚያ ወዲያ ምንም ወግ አላወሩም። «አጠፋን ልጄ» ብቻ አሉት፣ አብረውትም አለቀሱ።

ሦስት ቀን እዚያ ተቀመጥን። የእትዬ ዘሀራ ድስት ባዶ ሲሆን ሌላ ይመጣል። ኢንግልዉድ ያለ የእኛ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በፈረቃ ከሥራ እየወጣ ይመጣል፤ አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬው ይቋረጣል፣ ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ረጅሙ ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። «ብቻዬን ብሰማው ኖሮ አልችለውም ነበር» አለኝ። «ግን ረቡዕ ልትነግሩኝ ይገባ ነበር።»

«አዎ» አልኩት። በእነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሁለታችንም ትክክል ነበርን፣ ሁለታችንም ተሳስተን ነበር።

ትምህርቱን እተወዋለሁ ብሎ ነበር። ዛሬ ምን ተማርክ የሚለኝ ከሌለ ለማን እማራለሁ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ጋሼ ይማም ሥራቸውን ትተው በታክሲያቸው ወደ ኮሌጁ አደረሱን፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ ውጭ ጠበቁ። ሲወጣ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሺ፣ ዛሬ ምን ተማርክ?» አሉት። ረጅሙ ሰይድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ከዚያ ግን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እስከ ኢንግልዉድ ድረስ አንድ በአንድ ነገራቸው። ሚስ ካሮል ጽሑፋችንን ዘግይተን ብናስረክብም ተቀበለችን። እሱ ዛሬ በርባንክ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል፤ ቁመቱ ሰሌዳው ላይ ለመጻፍ ይጠቅመዋል ብለን እንቀልዳለን።

ታሪኩን ስጨርስ ሀያት መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበች። «ሶ ባባ፣ የትኛው ነው ራይት?» አለችኝ።

እኔ ከብዙ ዓመት በፊት የራሴን መልስ አዘጋጅቻለሁ። አገር ቤት ላለው ወንድሜ፣ የሚሆነው ነገር በሆነበት ሰዓት ለእኔ ደውል ብዬዋለሁ። ቀጥሎ ደግሞ በሌላ ስልክ ለረጅሙ ሰይድ ደውል፤ እሱ በሬን እስኪያንኳኳ ድረስ የእኔን መስመር አትዝጋው። አባቴ ያን ጠዋት ከሞቱብኝ በኋላ ይህን ሁሉ ዓመት ኖረውልኛል። በየጁምዓው ድምፃቸውን ስሰማ፣ ያ ሩብ ሰዓት ለቅሶ አስቀድሜ የከፈልኩት ይመስለኛል፤ አላዝንበትም። ሰው የአባቱን ዋጋ አባቱ ሳይሞት የሚያውቅበት ዕድል ስንት ጊዜ ይገጥመዋል?

ለሀያት ግን ይህንን ሁሉ አላልኳትም። «አያትሽን ጠይቂያቸው» አልኳትና በቪዲዮ ደወልኩላት። እዚያ ገና መንጋቱ ነው። አባቴ ሰማንያን አልፈዋል፤ ስልኩን አስጠግተው ስለሚይዙት ግንባራቸውና ጣራው ብቻ ይታያል። ሀያት አንቱታ አታውቅም። «አባባ፣ ሰው ሲሞት ወዲያው ነው የሚነገረው ወይስ ቆይቶ? አንተ ምን ታስባለህ?» አለቻቸው።

ግንባራቸው ተቋጠረ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም አባባ!» ብዬ ከኋላዋ ጮኽኩ። «የትምህርት ቤት ሥራ ነው!»

«እህ» አሉ አባቴ፣ በረጅሙ ተንፍሰው። «እንግዲያው ዛሬ ማንም አልሞተም ብለሽ ጻፊ።»

ሀያት አስተማሪዬ አይቀበለኝም ብላ አልጻፈችውም። እኔ ጻፍኩት።